አዲሱ ኦቨርሎክ ስፌቱ ለምን ይላላል? ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ክሩን ተከተሉ

አዲስ ኦቨርሎክ ገዝታችኋል። ሱቅ ውስጥ ሻጩ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሰፍቶ ሲያሳያችሁ ምንም አልነበረውም። ቤት አምጥታችሁ፣ ክር ቀይራችሁ ስትሞክሩት ግን ስፌቱ ልል ነው። ጨርቁን ግራና ቀኝ ሳብ ስታደርጉት ክሩ እንደ መሰላል ብቅ ይላል፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ ቀለበት ቀለበት ሆኖ ተንጠልጥሏል። «ተበላሽቶ ነው የሸጡልኝ» ማለት የሚጀመረው እዚህ ጋ ነው።

በዚህ ሰዓት ብዙ ሰው ካቻቢቴ ያነሳል፤ ወይ ደግሞ አራቱንም ማዞሪያ በአንዴ ያጠብቃል። ሁለቱም ነገሩን ያወሳስቡታል። አዲስ ኦቨርሎክ ላይ ስፌት ሲላላ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የክሩ መንገድ ነው። ክሩ በውጥረት ዲስኮቹ መሃል አልገባም፣ አንዱን ማለፊያ ዘሏል፣ ወይም በተሳሳተ ቅደም ተከተል ገብቷል። ይህን ለማስተካከል ብር አያስፈልግም፤ ትዕግሥትና ጥሩ ብርሃን ይበቃል።

ከታች ያለውን በቅደም ተከተል አዘጋጅተነዋል። ሴቭ አድርጉትና ማሽኑ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።

ለምን አቃቂ ቃሊቲ?

አቃቂ ከጨርቅ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በሕንድ ባለሀብቶች ተሳትፎ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የቆመው እዚሁ ነው። ወደ መሃል ከተማ ስንመለስ «ሳሪስ አደይ አበባ» የምንለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው ከክር ፋብሪካው ነው። ዛሬ ደግሞ ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከገላን እስከ ቂሊንጦ፣ በኮንዶሚኒየም ሱቅም በመኖሪያ ቤትም ማሽን ተክሎ የሚሠራ ወጣት አለ።

ከእነዚህ መካከል ልብስ ፋብሪካ ሠርተው የወጡ አሉ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአሜሪካው የአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስትታገድ ለአሜሪካ ገበያ የሚሰፉ ፋብሪካዎች ተጎድተዋል፤ ሠራተኛ የቀነሱም ነበሩ። የፋብሪካ ልጅ እጁ ፈጣን ነው፤ ኦቨርሎክ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲሰፋ ውሏል። ነገር ግን ፋብሪካ ውስጥ ስፌቱ ሲላላ እጅ ተነስቶ መካኒክ ይጠራል፤ ኦፕሬተሩ ማዞሪያውን እንዲነካ አይፈለግም። ቤት ውስጥ ያ መካኒክ የለም። መስፋት የሚችል ሰው ማስተካከል ላይ የሚቸገረው ለዚህ ነው።

ጣጣው ደግሞ ቀላል አይደለም። ነሐሴ ገብቶ የዩኒፎርም ሥራ ሲመጣ ልል ስፌት ያለው ሱሪ ከእጃችሁ ከወጣ፣ መስከረም ላይ ተተርትሮ ሲመለስ እናትየው የምትመጣው ማሽኑን የሸጠው ሰው ጋ አይደለም። እናንተ ጋ ነው። አንዴ «የእሷ ስፌት ይፈታል» ከተባለ ደግሞ ያንን ወሬ መልሶ መስፋት ይከብዳል።

ኦቨርሎክ እንዴት ነው የሚሰፋው?

ቀጥታ ስፌት መኪና በሁለት ክር ይሠራል፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ኦቨርሎክ ላይ ከታች የሚጠቀለል ክር የለም። በእሱ ፈንታ ሉፐር የሚባሉ ሁለት የታጠፉ ብረቶች ክር ተሸክመው ወዲያና ወዲህ ይላሉ። የታችኛው ሉፐር ክሩን በጨርቁ ሥር ያሳልፋል፤ የላይኛው ሉፐር በጨርቁ ላይ ያመጣዋል፤ ሁለቱ ጠርዙ ላይ ይገናኛሉ። መርፌው ደግሞ ሁለቱንም ከጨርቁ ጋር ያስራቸዋል። ከፊት ያለው ቢላ ትርፉን ጨርቅ እየቆረጠ ይሄዳል።

ይህ አሠራር አዲስ አይደለም። ጠርዝ የሚጠቀልለውን ስፌት በማሽን በማስጀመር የሚታወቀው የአሜሪካው ሜሮው ኩባንያ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1881 ነው። ለቤት የሚሆነው ትንሹ ኦቨርሎክ ግን የመጣው በ1960ዎቹ ከጃፓን ነው።

ከመነሻው መለየት ያለበት የክሩ ብዛት ነው። በዓለም አቀፉ አይኤስኦ 4915 የስፌት ምደባ፦

• ባለ 3 ክር (ቁጥር 504)፦ አንድ መርፌና ሁለት ሉፐር። ዋና ሥራው ጠርዝ እንዳይተረተር መያዝ ነው።

• ባለ 4 ክር (ቁጥር 514)፦ ሁለት መርፌና ሁለት ሉፐር። ቲሸርትና የሚለጠጥ ጨርቅ ያገጣጥማል።

• ባለ 5 ክር (ቁጥር 516)፦ ጠርዙን እየጠቀለለ ጎን ለጎን ሌላ የቀጥታ ሰንሰለት ስፌት ይሰፋል። ሱሪና የሥራ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የሚገጣጠመው በዚህ ነው።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። ቴትሮን ወይም ካኪ ሱሪ በባለ 3 ክር ብቻ ገጣጥማችሁ «ላላ» ብትሉ ማሽኑ አላጠፋም። ያ ስፌት ሲሳብ መከፈቱ ተፈጥሮው ነው። መጀመሪያ በቀጥታ ስፌት መኪና ግጠሙ፤ ከዚያ ጠርዙን በኦቨርሎክ ያዙት። ይህን ብቻ በማስተካከል ችግሩ የሚያልቅለት ሰው አለ።

ክር ከመንካታችሁ በፊት

አንደኛ፦ መብራቱን አጥፉ፤ ሶኬቱንም ንቀሉ። ማሽኑ ስለቆመ ብቻ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ሰርቮ ሞተር ያለው ማሽን ድምፅ ሳያሰማ ቆሞ ይጠብቃል፤ እግራችሁ ፔዳሉን ከነካው መርፌው ጣት ላይ ይወርዳል። መብራት ሄዶ ሲመጣም ማብሪያው በርቶ እንዳይጠብቃችሁ ተጠንቀቁ።

ሁለተኛ፦ ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው። አንዳንድ የፋብሪካ ኦቨርሎክ ግን ባለ 380 ቮልት፣ ሦስት ፌዝ ሞተር ይዞ ይመጣል። ይህ የቤት ሶኬት ላይ አይሠራም። ሦስት ፌዝ ባለበት ሼድ ውስጥ ደግሞ ሁለት ገመድ ተዛውሮ ከታሰረ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ያኔ ስፌት ጨርሶ አይያዝም። መዘውሩ ወይም የቀበቶው መከለያ ላይ የተሳለውን ቀስት አይታችሁ አዟዟሩን አረጋግጡ። የተሳሳተ ከሆነ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ፤ በራሳችሁ አትንኩት።

ሦስተኛ፦ ዘይት። የፋብሪካ ኦቨርሎክ ለጉዞ ሲጫን ዘይቱ ተደፍቶ ሊሆን ይችላል። ከፊት ባለችው ትንሽ መስታወት ዘይቱ በሁለቱ መስመሮች መካከል መሆኑን እዩ። ባዶ ከሆነ የስፌት መኪና ነጭ ዘይት ጨምሩ፤ የመኪና ሞተር ዘይት አይሆንም። የቤት ማሽን ከሆነ መመሪያው የሚለውን ብቻ ተከተሉ።

አራተኛ፦ ስልካችሁን አውጡ። ማሽኑ ከሱቅ ሲመጣ ክር ገብቶለት ከሆነ አንዱንም ሳትመዙ ከፊት፣ ከጎንና የሉፐሩን በር ከፍታችሁ ከውስጥ ፎቶ አንሱት። ያ ፎቶ በኋላ ከማንኛውም ቪዲዮ ይበልጥ ይጠቅማችኋል፤ የእናንተው ማሽን ነዋ።

የክሩን መንገድ ፈትሹ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አራቱንም ክር ከጥቅሉ እስከ መርፌው ወይም እስከ ሉፐሩ ጫፍ አንድ በአንድ በጣት ተከተሉ።

1. የክር ማቆሚያው። ከኋላ ያለው እንደ አንቴና የሚሳበው ዘንግ እስከ መጨረሻው ወጥቷል? እያንዳንዱ ቀለበት በቀጥታ ከክር ጥቅሉ አናት በላይ ነው? ዘንጉ ግማሽ ላይ ከቀረ ክሩ እየተያዘ ይለቀቃል፤ ስፌቱም አንዴ ጠበቅ አንዴ ላላ ይላል። ከትንሽ ጥቅል የምትጠቀሙ ከሆነ ክሩ የጥቅሉ ጫፍ ላይ ባለችው ቁራጭ እንዳይያዝ አዙራችሁ አስቀምጡት።

2. የውጥረት ዲስኮች። ውጥረት ማለት ክሩን በሁለት ትናንሽ ዲስኮች መሃል ጨብጦ መያዝ ነው። ክሩ በዲስኮቹ መካከል ካልገባ ማዞሪያውን የፈለጋችሁትን ያህል ብታጠብቁት ምንም ለውጥ አይመጣም። አዲስ ማሽን ላይ ዋናው ወንጀለኛ ይህ ነው። ብዙ የቤት ማሽኖች ላይ እግሩ ሲነሳ ዲስኮቹ ይከፈታሉ፤ ስለዚህ ክር የሚገባው እግሩ ተነስቶ ነው። ክሩን በሁለት እጅ ይዛችሁ እንደ ጥርስ ማጽጃ ክር ሳብ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ እግሩን አውርዳችሁ ክሩን ሳቡ፤ ግልጽ የሆነ መያዝ ከተሰማችሁ ገብቷል። ውልቅ እያለ ከመጣ አልገባም።

3. ማለፊያዎቹ። በሉፐሩ በር ውስጥ ክር የሚያልፍባቸው ትናንሽ መንጠቆዎችና ቀዳዳዎች አሉ። አንዷ ብትዘለል ስፌቱ ይበላሻል። በሩ ላይ የተሳለውን ባለ ቀለም ሥዕል ከክሩ ጋር አስተያዩ። ለዓይን ካስቸገረ የስልክ ካሜራ አጉልታችሁ ተመልከቱ፤ ክሩንም በወረንጦ አስገቡት።

4. ቅደም ተከተሉ። በአብዛኛው የቤት ማሽን ላይ መጀመሪያ የላይኛው ሉፐር፣ ቀጥሎ የታችኛው ሉፐር፣ በመጨረሻ መርፌዎቹ ናቸው። የእናንተ መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ስሙ። ዋናው ነጥብ መርፌ ሁልጊዜ መጨረሻ መሆኑ ነው። የታችኛው ሉፐር ክር መሃል ላይ ተበጥሶባችሁ እሱን ብቻ ካስገባችሁት ከመርፌው ክር ጋር ተጠላልፎ እንደገና ይበጠሳል። በዚህ ጊዜ የመርፌዎቹን ክር አውጡ፤ ሉፐሩን አስገቡ፤ ከዚያ መርፌዎቹን መልሱ።

ክር ስትቀይሩ ሁሉንም ከመጀመሪያው ማስገባት አይጠበቅባችሁም። የድሮውን ክር ከጥቅሉ አጠገብ ቁረጡ፣ አዲሱን በጠባብ ቋጠሮ እሰሩበት፣ ትርፉን ቁረጡ፣ ውጥረቱን አላሉና ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ቋጠሮው በሉፐር ቀዳዳ ሊያልፍ ይችላል፤ በመርፌ ቀዳዳ ግን አያልፍም። መርፌው ጋ ሲደርስ ቁረጡትና በእጅ አስገቡ። ስትጨርሱ ማዞሪያዎቹን ወደ ነበሩበት መመለስ እንዳትረሱ። ይህን መርሳት ራሱ አንዱ የልል ስፌት ምክንያት ነው።

መርፌውን አትርሱ

አዲስ ማሽን ስለሆነ መርፌውም ደህና ነው ማለት አይቻልም። በጉዞ ላይ የተመታ ወይም ሱቅ ውስጥ ወፍራም ነገር የተሞከረበት መርፌ ትንሽ ታጥፎ ሊሆን ይችላል። አውጥታችሁ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስተኙት፤ ከሥሩ ያለው ክፍተት እኩል ካልሆነ ጣሉት።

ዓይነቱም ወሳኝ ነው። የፋብሪካ ኦቨርሎክ ብዙ ጊዜ ዲሲ 27 የሚባለውን አንገቱ ክብ የሆነ መርፌ ይወስዳል። ብዙ የቤት ኦቨርሎኮች ደግሞ አንገቱ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ የሆነውን ይወስዳሉ። አንዱ በሌላው ቦታ አይሠራም። መርፌ ለመግዛት ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ።

ስታስገቡት እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ግፉት። ጠፍጣፋ አንገት ያለው ከሆነ ጠፍጣፋው ጎን ወደ ኋላ ይዙር። ክብ አንገት ያለው ከሆነ ረጅሙ ቦይ ወደ እናንተ፣ የተፋቀው ጎኑ ወደ ኋላ ይሁን። ትንሽ ከዞረ ወይም ሚሊ ሜትር ዝቅ ካለ ሉፐሩ ክሩን ይስተዋል፤ ስፌቱም ይዘላል። ለመካከለኛ ጨርቅ 11 ወይም 14 ቁጥር፣ ለስስ ጨርቅ 9 ቁጥር ጥሩ መነሻ ነው።

የአራት ቀለም ፈተና

ክሩና መርፌው ልክ መሆናቸውን ካረጋገጣችሁ በኋላ ብቻ ወደ ማዞሪያው እንሄዳለን። ግን የትኛውን ማዞሪያ?

ለዚህ ቀላል ዘዴ አለ። አራት የተለያየ ቀለም ክር አስገቡ፤ ለምሳሌ ለግራ መርፌ ቀይ፣ ለቀኝ መርፌ ቢጫ፣ ለላይኛው ሉፐር ሰማያዊ፣ ለታችኛው ሉፐር አረንጓዴ። ውፍረታቸው አንድ ይሁን፤ አንዱ ወፍራም ሌላው ቀጭን ከሆነ ፈተናው ይዋሻል። ማዞሪያው ከ0 እስከ 9 ቁጥር ካለው ሁሉንም 4 ላይ አድርጉ። የስፌቱን ርዝመት 2.5 ሚሊ ሜትር፣ የጨርቅ መሳቢያውን ደግሞ 1 ወይም መደበኛ ላይ አድርጉት። ከዚያ የምትሰፉትን ራሱን ጨርቅ ሁለት ደርባችሁ አንድ ስንዝር ስፉ። አቡጀዲ ላይ ሞክራችሁ ቲሸርት ብትሰፉ ውጤቱ አንድ አይሆንም።

ትክክለኛ ስፌት እንዲህ ነው፦ ከላይ የሚታየው ሰማያዊው ነው፤ ከታች የሚታየው አረንጓዴው ነው፤ ሁለቱ ልክ ጠርዙ ላይ ይገናኛሉ። ቀዩና ቢጫው ከላይ ቀጥ ያለ መስመር ናቸው፤ ከታች በኩል ነጥብ ነጥብ ብቻ ያሳያሉ።

ከዚህ ከወጣ ቀለሙ ራሱ ይነግራችኋል፦

• ሰማያዊው ዞሮ ወደ ታች ከሄደ፦ የላይኛው ሉፐር ልል ነው፤ አጠብቁት። ካልተስተካከለ የታችኛውን ትንሽ አላሉ።

• አረንጓዴው ወደ ላይ ከወጣ፦ የታችኛው ሉፐር ልል ነው፤ አጠብቁት። ካልተስተካከለ የላይኛውን አላሉ።

• ሰማያዊውም አረንጓዴውም ከጠርዙ ውጭ ከተንጠለጠሉ፦ ሁለቱም ሉፐሮች ልል ናቸው፤ ወይም ቢላው ከሚገባው በላይ ጨርቅ እየቆረጠ ነው።

• ጠርዙ ከተጠቀለለ ወይም ከተኮማተረ፦ ሁለቱም ሉፐሮች ጠብቀዋል፤ ወይም በስፌቱ ውስጥ የገባው ጨርቅ በዝቷል።

• ጨርቁን ግራና ቀኝ ስትስቡት ቀዩ እንደ መሰላል ከታየ፣ ወይም ከታች በኩል ቀይ ቀለበት ከሠራ፦ የግራ መርፌ ክር ልል ነው። ልብሱን የሚይዘው ዋናው መስመር ይህ ስለሆነ ሳይስተካከል አትስፉ።

• ስፌቱ ከተሸበሸበ ወይም ሲለጠጥ ክሩ ጧ ካለ፦ የመርፌ ክር ጠብቋል፤ አላሉት።

ማዞሪያውን እንዴት እናዙር?

ሕጉ አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ማዞሪያ ብቻ። ቁጥር ያለው ከሆነ በግማሽ ቁጥር፣ ቁጥር የሌለው የፋብሪካ ማሽን ከሆነ በሩብ ዙር። ወደ ቀኝ ያጠብቃል፣ ወደ ግራ ያላላል። አዙሩ፣ ጥቂት ስፉ፣ እዩ፣ ከዚያ ቀጥሉ። መጀመሪያ መርፌዎቹን አስተካክሉ፤ ከዚያ ሉፐሮቹን። ሁለቱን በአንዴ ካዞራችሁ የትኛው እንደረዳና የትኛው እንዳበላሸ አታውቁም።

ፋብሪካ ማሽን ላይ ከመጀመራችሁ በፊት እያንዳንዱ ማዞሪያ ላይ በማርከር ነጥብ አድርጉ፤ ከጠፋችሁ መመለሻ ይሆናችኋል። የተስተካከለውን ቁራጭ ደግሞ አትጣሉት። የጨርቁን ዓይነትና የአራቱን ማዞሪያ ቁጥር ጽፋችሁበት ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ለቴትሮን አንድ፣ ለጀርሲ አንድ፣ ለስስ ጨርቅ አንድ። ከወር በኋላ ሥራ ሲጣደፍ ያ ቁራጭ ግማሽ ቀን ያተርፍላችኋል።

ጥፋቱ የውጥረት ካልሆነስ?

ቀለሙ ልክ ሆኖም ስፌቱ ካላማረ እነዚህን እዩ።

ቢላው፦ ጨርቁን የሚያኝከው እንጂ የማይቆርጠው ከሆነ ጠርዙ ፀጉራም ይሆናል፤ ስፌቱም የሚይዘው ያጣል። ቢላው ደንዝዟል ወይም ቦታውን ለቋል ማለት ነው። ስፒል ያለበት ጨርቅ ፈጽሞ አታሳልፉ።

የጨርቅ መሳቢያው፦ ኦቨርሎክ ጨርቁን የሚስበው በፊትና በኋላ ባሉ ሁለት ጥርሶች ነው። የሚለጠጥ ጨርቅ ጠርዙ እንደ ማዕበል ከተወዛወዘ የመሳቢያውን ቁጥር ከ1 ወደ 1.5 አካባቢ ከፍ አድርጉ። ስስ ጨርቅ ከተሸበሸበ ከ1 በታች ዝቅ አድርጉት። ብዙ ሰው ይህን በውጥረት ለማስተካከል ሲታገል ይውላል።

ክሩ፦ ርካሽ ክር አንዳንድ ቦታ ወፍራም አንዳንድ ቦታ ቀጭን ነው። በዲስኩ መሃል ሲያልፍ ውጥረቱ አብሮ ይዘላል። አንድ ሜትር ክር ስባችሁ ወደ ብርሃን ያዙት፤ ቋጠሮና ፀጉር ከበዛበት ተዉት። 40/2 የሚል የፖሊስተር ክር ለዩኒፎርምና ለተራ ልብስ ጥሩ መነሻ ነው።

ብናኙ፦ ኦቨርሎክ እየቆረጠ ስለሚሰፋ ብናኙ ብዙ ነው። በበጋ የአቃቂ አቧራ ሲጨመርበት ዲስኮቹ መሃል ይጠቀጠቅና ክሩን መጨበጥ ያቅታቸዋል። በየቀኑ በብሩሽ ጥረጉ። በአፍ አትንፉት፤ እርጥበትና ብናኝ ወደ ውስጥ ታስገባላችሁ። ማታ ማታ ማሽኑን በጨርቅ ሸፍኑት።

ጫፉ፦ ኦቨርሎክ እንደ ቀጥታ ስፌት መኪና ወደ ኋላ ተመልሶ አይቋጭም። ጫፉ ላይ የቀረውን የክር ሰንሰለት ዝም ብላችሁ ከቆረጣችሁት ከዚያው ይፈታል። በወፍራም መርፌ መልሳችሁ ስፌቱ ውስጥ ክተቱት፤ ወይም በቀጥታ ስፌት መኪና አቋርጣችሁ ስፉበት።

መካኒክ የሚጠራው መቼ ነው?

ከላይ ያለውን ሁሉ ሠርታችሁ አሁንም ስፌት የሚዘል ከሆነ፣ ብረት ከብረት የሚጋጭ ድምፅ ካለ፣ መርፌው ሉፐር እየነካ ከተሰበረ ወይም ዘይት ጨርቅ ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ አቁሙ። ያኔ ነገሩ የመርፌና የሉፐር መገናኛ ጊዜ ሊሆን ይችላል። የሚስተካከለው ከሚሊ ሜትር ባነሰ ልክ ስለሆነ የሉፐሩን ብሎን በግምት አትፍቱ። መካኒኩ እስኪመጣ መዘውሩን በእጅ እያዞራችሁ በስሎው ሞሽን ቪዲዮ ቅረጹት፤ ችግሩን ለማስረዳት ከብዙ ቃል ይሻላል።

ማሽኑ አዲስ ስለሆነ ግን ከመካኒክ በፊት ሻጩ አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። እዚህ ጋ አንድ ነገር አስተውሉ። አዋጁ ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። ማሽኑን ለሥራ የገዛችሁ ከሆነ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አለ። እሱ ደግሞ ገዢው ዕቃውን እንዳገኘ እንዲመረምርና ጉድለት ካየ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። በሁለቱም መንገድ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ማሽኑን በገዛችሁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፈትኑት፣ ችግር ካለ በጽሑፍና በፎቶ አሳውቁ። ማሽኑን ፈታትታችሁ ከነካካችሁት በኋላ «ሲመጣም እንዲህ ነበር» ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው። ካቻቢቴውን ቶሎ አታንሱ ያልነው ለዚህም ጭምር ነው።

ባጭሩ

1. መብራት አጥፉ፣ ዘይትና አዟዟር እዩ።
2. ክሩን ከጥቅሉ እስከ ጫፍ በጣት ተከተሉ።
3. እግሩን አንስታችሁ ክሩን ዲስኩ መሃል አስገቡ፤ እግሩን አውርዳችሁ ሳቡና ፈትሹ።
4. መርፌ መጨረሻ ይገባል፤ ዓይነቱና አቀማመጡ ልክ ይሁን።
5. በአራት ቀለም ስፉ፤ ቀለሙን አንብቡ።
6. አንድ ማዞሪያ፣ ሩብ ዙር፣ ከዚያ ሙከራ።
7. ያማረውን ቁራጭ ቁጥሩን ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

አዲስ ማሽን ገዝቶ ስፌቱ ያስቸገረው ጓደኛ ካላችሁ ላኩለት፤ ከ1 እስከ 4 ያለውን ሳይጨርስ ማዞሪያ እንዳይነካም ንገሩት።